ከጤና ሙያ ወደ ፖሊሲ፦ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ወይስ የሕዝብ ፖሊሲ?

ለነርስ ወይም ለሐኪም የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ቅርብ ነው፤ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) እና ባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃ ስታቲስቲክስ) ለጆሮው እንግዳ አይደሉም። የሕዝብ ፖሊሲ ማስተርስ ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት ይፈጃል፤ ማይክሮኢኮኖሚክስ (የግለሰቦችና የድርጅቶች የኢኮኖሚ ውሳኔ ጥናት)፣ ስታቲስቲክስና የፕሮግራም ግምገማ ይማሩበታል። ጤናን ከትምህርትና ከመንገድ በጀት ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን የሚለመደው እዚያ ስለሆነ፣ እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ማመልከቻው ላይ ነው። ለኅብረተሰብ ጤና የሥራ ልምድዎ ራሱ ይናገራል። ለፖሊሲ ግን «ሰው መርዳት እወዳለሁ» አይበቃም። መድኃኒቱን ያቋረጠ ታካሚ አጋጥሞዎት ከሆነ፣ ያስቆመው ዋጋው ነው፣ ርቀቱ ወይስ የኢንሹራንስ ደንቡ? ደንቡስ ቢለወጥ ማን ይጠቀማል፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል? የማመልከቻ ደብዳቤዎ ይህን ይተንትን። የኢኮኖሚክስ ወይም የስታቲስቲክስ ኮርስ ካልወሰዱ፣ ከማመልከትዎ በፊት አንድ ይውሰዱ፤ አመልካቾችን የሚመርጡት ሰዎች የቁጥር ችሎታዎን ማየት ይፈልጋሉ።