«አንሎክድ ነው» ሲሏችሁ መጀመሪያ የሲም ማስገቢያውን አስወጥታችሁ እዩ

«አንሎክድ ነው»፣ ማለትም የማንኛውንም ኦፕሬተር ሲም ይቀበላል፣ ተብዬ ከውጭ አገር ያዘዝኩት ስልክ ደርሶኝ ሦስት ሳምንት ያለ ምንም እንከን ሠራ። ደወልኩበት፣ ኢንተርኔት ተጠቀምኩበት፣ ካሜራውን ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳየሁ። አንድ ማታ «አዲስ አፕዴት አለ» አለኝ። እሺ ብዬው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ኔትወርክ የለም።

ሲሙን አወጣሁ፣ በሸሚዜ ጠረግኩት፣ መለስኩት። ያው ነው። የጓደኛዬን ሲም ከተትኩ። ያው። በመጨረሻ የሲም ማስገቢያዋን ትሪ ወደ መብራት አስጠግቼ ሳይ፣ ሲሙ ሥር ሌላ ነገር ተለጥፏል። ከወረቀት ብዙ የማትወፍር፣ ወርቃማ ነጥቦች ያሏት ስስ ቺፕ። ስልኩ ሲመጣም እዚያው ነበረች። እኔ የትሪው አካል መስላኝ ሲሜን ከላይዋ አስቀምጬባት ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ አገሮች የስልክ ኦፕሬተሮች ቀፎውን በወርሃዊ ክፍያ ይሸጣሉ። ዕዳው እስኪያልቅ ቀፎው ከነሱ ሲም ሌላ እንዳይቀበል ይቆለፋል። ያቺ ቺፕ በሲሙና በስልኩ መሃል ሆና «ይሄ የናንተው ኦፕሬተር ሲም ነው» ብላ ትዋሻለች። ስልኩም ያምናታል። አፕዴት ሲደረግ ወይም ሪሴት ሲባል ግን ውሸቷ ይነቃል። ያኔ በእጃችሁ የቀረው በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ስልክ ነው።

ሻጩን ጠየቅኩት። «ስትቀበለው ይሠራ አልነበር እንዴ?» አለኝ። ፎቶውን ስልክለት ብሎክ አደረገኝ። ማስታወቂያው ላይ ግን «አንሎክድ» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ተጽፎ ነበር።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ቪዲዮ አስቀርጹት። ፎቶ አይበቃም። ትሪውን አውጥቶ ባዶውን ያሳይ፣ ሌላ ኦፕሬተር ሲም ይክተት፣ ይደውል። አይፎን ከሆነ ሳያቋርጥ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ አባውት ብሎ ይግባ። ወደ ታች ሲወርድ «ካሪየር ሎክ» የሚል መስመር አለ። ፊት ለፊቱ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካላለ ተዉት። እዚያው ገጽ ላይ የስልኩ መለያ ቁጥር ስለሚታይ ቪዲዮው የሌላ ስልክ ነው ብላችሁ አትጠራጠሩም። አንድሮይድ ላይ እንዲህ ያለ ለሁሉም የሚሠራ ቦታ የለም፤ በሌላ ኦፕሬተር ሲም መሞከር ነው።

መለያ ቁጥሩ አይኤምኢአይ የሚባለው ነው፣ 15 አሃዝ። *#06# ሲደወል ራሱ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ያለው፣ ሴቲንግስ ውስጥ ያለውና ካርቶኑ ላይ ያለው አንድ መሆን አለባቸው። ካልተመሳሰሉ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው፣ ወይም አንድ ሰው ቁጥሩን ነካክቶታል።

ቁጥሩ ቢመሳሰልም ግን ገና አልጨረሳችሁም። እኔን ያናደደኝ ይሄኛው ነው። አንድ ሰው ስልክ በዱቤ ወስዶ ይሸጥላችሁና ክፍያውን ያቆማል። ወይም «ጠፋብኝ» ብሎ ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ኦፕሬተሩ ቁጥሩን ጥቁር መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል። ጂኤስኤምኤ የሚባለው የኦፕሬተሮች ማኅበር ይህን መዝገብ በዓለም ደረጃ ያጋራል። መዝገቡን የሚጠቀም ኦፕሬተር ያለበት አገር ከሆናችሁ ስልኩ ከወራት በኋላም ሊዘጋባችሁ ይችላል። በገዛችሁበት ቀን ብታጣሩት ንጹሕ ነው። «ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ክሊን ነው» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ለዛሬ። የምትጠይቁት ዕዳው ሙሉ በሙሉ መከፈሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የራሳቸው ምዝገባ ያላቸው አገሮችም አሉ። ቱርክ ውስጥ ከውጭ የገባ ስልክ ክፍያ ተከፍሎበት ካልተመዘገበ ከ120 ቀን በኋላ ኔትወርክ ይቋረጥበታል። ፓኪስታንም ተመሳሳይ ሕግ አላት። ስልኩ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ግን ይዘጋል። የምትጠቀሙበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ቀድማችሁ ጠይቁ። ቀረጡንም በዚያው ጠይቁና ዋጋው ላይ ደምሩት። ብዙ ጊዜ «ርካሽ» የተባለው እዚህ ላይ ያልቃል።

ሌላው፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ስልኩ አንድ ነው ማለት አይደለም። በ2022 የወጣውን አይፎን 14 ውሰዱ። ለአሜሪካ የተሠራው የሲም ቀዳዳ የለውም፣ በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም፣ ብቻ ነው የሚሠራው። ለዋናው ቻይና የተሠራው ደግሞ ሁለት ሲም ካርድ ይወስዳል፣ ኢሲም የለውም። ኦፕሬተራችሁ ኢሲም የማይሰጥ ከሆነ የአሜሪካው ለናንተ የሚያምር መስታወት ነው። የጃፓኑ ካሜራ ደግሞ ፎቶ ሲነሳ ድምፁ እንዳይጠፋ ተደርጎ ነው የሚሸጠው። ይሄ ቀላል ነው፣ የተኛ ልጅ ፎቶ የሚያነሳ ወላጅ ግን ቀላል አይለውም።

የኔትወርክ ባንድ፣ ማለትም ስልኩ ኔትወርክ የሚይዝበት የሬዲዮ ሞገድ ክልል፣ ከዚህ ይብሳል፣ ምክንያቱም ስልኩ ግማሽ በግማሽ ይሠራል። አውሮፓ ውስጥ ባንድ 20 የሚባለው 800 ሜጋኸርዝ በሕንፃ ውስጥና ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ በጣም ይጠቅማል። ለቻይና ገበያ የተሠሩ ብዙ ስልኮች ይሄ ባንድ የላቸውም። ከተማ መሃል ቆማችሁ ሙሉ ኔትወርክ ታያላችሁ፣ ምድር ቤት ስትወርዱ ጭጭ። 3ጂ በተዘጋበት አገር ደግሞ ስልኩ በ4ጂ መደወል፣ ማለትም ቮልቲኢ፣ በኦፕሬተራችሁ በኩል ካልተፈቀደለት ኢንተርኔቱ እየሠራ ጥሪ እምቢ ይላል። የአሜሪካ ትልልቆቹ ኦፕሬተሮች በ2022 3ጂን ዘግተው ጨርሰዋል። መፍትሔው የሞዴል ቁጥሩን መጠየቅ ነው። «የትኛው ስልክ ነው?» ሳይሆን «ሞዴል ቁጥሩ ስንት ነው?» በሉ። ከዚያ በአምራቹ ገጽ ላይ ያሉትን ባንዶች ኦፕሬተራችሁ ከሚጠቀምባቸው ጋር አስተያዩ።

የቻይና ገበያ ስልክ ብዙ ጊዜ ያለ ጉግል ፕሌይ ነው የሚወጣው። አንዳንድ ነጋዴ ሶፍትዌሩን ራሱ ቀይሮ «ግሎባል ነው» ይላችኋል። እንዲህ የተነካካ ስልክ አፕዴት ላያገኝ ይችላል፣ የባንክ አፕም አንዳንዴ አልከፍትም ይላል።

«አዲስ፣ ያልተከፈተ» ለሚባል አይፎን ደግሞ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። አባውት ውስጥ ሞዴል ቁጥሩ የሚጀምርበትን የእንግሊዝኛ ፊደል እዩ። ኤም ከሆነ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው። ኤፍ ከሆነ ታድሶ የተሸጠ፣ ኤን ከሆነ ለተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ ነው። ታድሶ መሸጡ ነውር የለውም፤ በአዲስ ዋጋ መሸጡ ነው ነውሩ።

ያገለገለ ከሆነ ሪሴት ተደርጎ፣ የቀድሞ ባለቤት አካውንት ሳይጠይቅ ሲነሳ እዩት። አንዳንዱ ስልክ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ሪሴት ሲባል «ይህ ስልክ በድርጅት ቁጥጥር ሥር ነው» የሚል ይመጣል። እሱን እናንተ ማጥፋት አትችሉም።

«ካልሠራ መልሰው» ለሚላችሁም ቶሎ አትሸወዱ። ብዙ አምራች ዋስትናውን የሚያከብረው ስልኩ በተሸጠበት አገር ወይም አካባቢ ብቻ ነው። መልሶ መላኩም ቀላል አይደለም፤ የስልክ ባትሪ ሊቲየም ስለሆነ ተበላሽቶ አደገኛ የሆነ ባትሪ ያለው ስልክ በአውሮፕላን አይጫንም። ስለዚህ ገንዘቡን ተከራክራችሁ ማስመለስ በምትችሉበት መንገድ ክፈሉ። እኔ ሻጩ «ለጓደኛ የሚላክ» በሚለው፣ ተከራክሮ ማስመለስ በማይቻልበት መንገድ ላክ ሲለኝ ላክሁ። ገንዘቤን ውሃ በላው።

ስልኩ የተቆለፈበትን ኦፕሬተር ጽፌ ጠየቅኩ። በትሕትና መለሱልኝ፦ ሎኩ የሚነሳው ዕዳው ሲያልቅ ነው፣ ጥያቄውም ከውል ባለቤቱ መምጣት አለበት። የውል ባለቤቱን አላውቀውም። አሁን በዋይፋይ ሙዚቃ እሰማበታለሁ። ድምፁ መቼም ጥሩ ነው።