ባንኮክ ለምትሄዱ፦ እናቴን አዩታያ ያስጎበኘችልኝን ሴት ላስተዋውቃችሁ

ለሕክምና ባንኮክ የምትሄዱ፣ በተለይ እናት ወይ አባት ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ይቺን ጽሁፍ ሳታነቡ እንዳትነሱ። ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እናቴን ለጉልበቷ ነበር ይዣት የሄድኩት። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ናና አካባቢ ሆቴል ይያዛል፣ ከዚያ ሆስፒታል። ይሄን መንገድ የሄደ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። የማይወራው መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው። ምርመራው አለቀና ሐኪሙ «ውጤቱ እስኪደርስ አምስት ቀን ጠብቁ» አለን። አምስት ቀን ሆቴል ክፍል ውስጥ! እናቴ በሁለተኛው ቀን መስኮት ላይ ተቀምጣ የሚያልፉትን ባቡሮች መቁጠር ጀመረች።

የመጀመሪያው ሙከራዬ መና ቀረ። ከሆቴሉ ደጃፍ ርካሽ ጉብኝት የሚሸጥ ሰውዬ አገኘሁ። «ግማሽ ቀን፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ» አለኝ። ከፈልኩ። መኪናው መጀመሪያ ያቆመን ጌጣጌጥ ሱቅ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ። እናቴ ቀለበት የሚያሳያትን ልጅ ትክ ብላ አየችውና «ቤተ መንግሥቱ ይሄ ነው?» አለችኝ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊ ቤት ወሰዱን። ቤተ መቅደሱ ጋ ስንደርስ «ዛሬ ዝግ ነው» ተባልን። ለካ ባንኮክ ውስጥ ያረጀ ያፈጀ ማታለያ ኖሯል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

በማግስቱ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ያገኘኋት አንዲት ሐበሻ እህት የአስጎብኚዋን ስልክ ሰጠችኝ። ደወልኩ። አብዛኛው አስጎብኚ «ስንት ሰው ናችሁ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይቺ «እናትሽ ስንት ደረጃ መውጣት ይችላሉ?» አለችኝ። ከዚያ «ምን አይበሉም?» ከዚያ «ሙቀት ይችላሉ?» ሌላ ነገር ሳልሰማ እዚያው ወሰንኩ።

ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ሰው ስሜን በአደባባይ ባያወጣው ደስ ይለኛል ስላለችኝ። እኛም በስሟ አልጠራናትም። ታዮች በዕድሜ ከፍ የሚለውን ሰው «ፒ» ይላሉ፣ ወንድምም ይሁን እህት። እኔ ፒ አልኳት። እሷ ደግሞ እናቴን «ኩን ሜ» አለቻት። «እማማ» እንደማለት ነው፣ ከነአክብሮቱ። እናቴ ይሄ ሲገባት «ልጄ» ማለት ጀመረች፤ ፒ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል።

ችግሩ እናቴ ነበረች። ማታ ላይ አዩታያ የሚባል የድሮ ከተማ ልንሄድ ነው፣ ቤተ መቅደሶቹን ልናይ ስላት ፊቷ ተለወጠ። «ጣዖት ቤት ልትወስጂኝ ነው?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝና ጠዋት መኪና ውስጥ እንዳለ ለፒ ተረጎምኩላት። ፒ አልተቀየመችም። «ኩን ሜ፣ ማንም ስገጂ አይልሽም። ከተማ ነበረ፣ ተቃጠለ፣ እሱን ነው የምንጎበኘው። ጫማ አውልቂ የምልሽ ቦታ ታወልቂያለሽ፣ ትከሻሽን ትሸፍኛለሽ፣ በቃ» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን አየች። ትከሻዋ ድሮም ተሸፍኗል። ጫማ ማውለቁም ለኛ ብርቅ አይደለም። «እንግዲያስ ይሁን» አለች።

አዩታያ ከባንኮክ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ ፒ ሶፍት ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ሠራችልን። ቻው ፕራያ፣ ሎፕቡሪ፣ ፓ ሳክ፤ ሦስት ወንዞች። ከተማዋ መሃላቸው ያለች ደሴት ናት። በ1350 ተቆረቆረች (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ 417 ዓመት የሲያም (የድሮዋ ታይላንድ) ዋና ከተማ ሆነች፣ 33 ነገሥታት ተፈራረቁባት። በ1767 የበርማ ጦር ከብቦ ያዛትና አቃጠላት። ዛሬ የቀረው ጡብና ድንጋዩ ነው፣ ዩኔስኮ በ1991 መዝግቦታል። ይሄ ሁሉ አንድ ሶፍት ላይ ገባ። ሶፍቱን እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ።

የመጀመሪያው ቦታ ዋት ማሃታት ነበር። «ዋት» ማለት ቤተ መቅደስ ነው። በር ሲከፈት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደረስን። ፒ ሆን ብላ ነው፤ 4 ሰዓት ላይ አውቶብሶቹ ይመጣሉ፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ስሙን ባታውቁትም ፎቶውን አይታችሁታል፦ ዛፍ ሥር ውስጥ የተያዘው የቡድሃ ራስ። ዛፉ የኛ ዋርካ ዘመድ ነው። ሥሮቹ ፊቱን እንደ ሻሽ ጠምጥመውታል፤ ዓይኖቹ ጨፈን፣ ከንፈሩ ፈገግ ያለ። ራሱ ወድቆ ሥሩ በላዩ አደገ የሚሉ አሉ፣ ሌባ ደብቆት ጠፋ የሚሉም አሉ። ፒ ሁለቱንም ነገረችን። የትኛውን እንደምታምን ስጠይቃት «ሌባውን» አለችና ሳቀች።

እዚያ ፎቶ የሚነሳ ሰው ዝቅ ማለት አለበት፤ ራስህ ከቡድሃው ራስ በላይ አይሆንም። ጠባቂ ቆሞ ይቆጣጠራል። እናቴ ግን ጉልበቷ አይታጠፍ፣ መንበርከክ አትችል። «ተይው፣ ይቅርብኝ» አለች። ፒ ከመኪናው ይዛው የወረደችውን ከረጢት ከፈተች። ትንሽ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርጩማ አወጣች። ጠባቂውን በታይኛ አነጋገረችው፣ እሱም እናቴን አየና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። በርጩማውን ራቅ አድርጋ አስቀመጠች፣ እናቴን ደግፋ አስቀመጠቻት፣ ከዚያ ራሷ አፈር ላይ በደረቷ ተኝታ ፎቶ አነሳችን። ነጭ ሸሚዟ አቧራ በአቧራ ሆነ። እሱ ፎቶ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል።

በርጩማዋ ቀኑን ሙሉ ከእናቴ አልተለየችም። የትም ስንቆም ጥላ ይፈለጋል፣ በርጩማ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው ወሬው የሚጀመረው።

ዋት ማሃታት ግቢ ውስጥ ራስ የሌላቸው የቡድሃ ሐውልቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። እናቴ «ራሳቸውን ማን ቆረጠው?» አለች። ፒ ሁሉን ነገር በርማዎች ላይ ልታላክክ ትችል ነበር፣ ማን ይጠይቃታል? እሷ ግን ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት የራሳችን ሌቦች ወርቅ ፍለጋ ቆፍረዋል፣ ራሱንም እየቆረጡ ሸጠዋል አለችን። አገሩን የሚወድ ሰው እንዲህ ሲያወራ ደስ ይለኛል። አደራ፣ ከሐውልቱ ጀርባ ቆማችሁ ራሳችሁን ራሱ በነበረበት ቦታ አድርጋችሁ ፎቶ እንዳትነሱ። በጣም ይከፋቸዋል።

ማዶ ዋት ራትቻቡራና አለ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት የንጉሥ ልጆች ለዙፋን በዝሆን ላይ ሆነው ተዋጉ፣ ሁለቱም ሞቱ። ሦስተኛው ወንድማቸው ነገሠና በ1424 አስከሬናቸው በተቃጠለበት ቦታ ይሄን ሠራ። ግንቡ መሃል ውስጥ ጓዳ ነበረው፣ በወርቅ የተሞላ። እስከ 1957 ድረስ ተደብቆ ቆየ፤ በዚያ ዓመት ሌቦች ቆፍረው ገቡ። የተረፈውና የተመለሰው ወርቅ ከተማው ውስጥ ያለ ሙዚየም ውስጥ ነው። ወደ ጓዳው የሚወርደው ደረጃ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፣ ለእናቴ አይታሰብም። ፒ «አንቺ ውረጂ፣ እኔ ከኩን ሜ ጋ እቀመጣለሁ» አለችኝ። ወረድኩ። ሙቀቱ የእንፋሎት ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የደበዘዘ ቀይ ሥዕል አለ፣ በጣም ካልተጠጉት አይታይም። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ስወጣ ሁለቱ ሴቶች እየሳቁ ደረስኩ። በምን ቋንቋ? አንዷ ታይኛ፣ አንዷ አማርኛ። ስልክ ተለዋውጠው የልጅ ልጅ ፎቶ ያያሉ።

አሁን ወደ ምሳው። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። እናቴ ጾም ናት፣ በሕክምና ምክንያት እንኳ አትገድፍም። ከአስጎብኚ ጋር ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው፤ «ቬጀቴሪያን» ስትሏቸው እንቁላል ያመጣሉ፣ ወይ ሥጋ የሌለው ነገር ላይ የዓሣ መረቅ ያፈሱበታል። ታይላንድ ውስጥ የዓሣ መረቅ የማይገባበት ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ፒ ስልክ ላይ ጾማችንን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «አሃ፣ ጄ!» አለች። «ጄ» የነሱ የጾም ምግብ ነው። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ዓሣም መረቁም የለ። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ፊደል የተጻፈበት ቤት ካያችሁ እሱ ነው። አንዲት ሴትዮ ጓሮ ውስጥ አምስት ጠረጴዛ ያላት ቤት ወሰደችን። ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ ጎመን በሩዝ። እናቴ ቀመሰችና ዝም አለች። ከዚያ «ሽንኩርቱ የታለ?» አለች። ለካ ጄ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ይከለክላል። ስነግራት «እነዚህስ ከኛም ይብሳሉ!» ብላ ሩዙን ጨረሰችው።

ምግብ ስንጠብቅ የዘመን አቆጣጠር ወሬ ተነሳ። ፈረንጅ 2024 ሲል እነሱ 2567 ይላሉ፣ ከቡድሃ ነው የሚቆጥሩት። የኛ ያኔ 2016 ነበር። ፒ ሌላም አገር የራሱ ዓመት እንዳለው ስትሰማ ጠረጴዛውን መታች። ደግሞ በፈረንጅ ማታ 7 ሰዓት ያለው በነሱ ቋንቋ «አንድ» ነው፣ 8 ደግሞ «ሁለት»፤ ልክ እንደኛ ምሽት አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። እናቴ «መቼም ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው መቁጠር ያለበት» አለች።

ከሰዓት በኋላ ዋት ቻይዋታናራም ሄድን። ወንዙ ዳር ነው፣ ከደሴቲቱ ውጪ። ንጉሥ ፕራሳት ቶንግ በ1630 ያሠራው። መሃሉ ላይ የበቆሎ ራስ የሚመስል ረጅም ማማ፣ ዙሪያውን ትንንሾቹ። ወጣቶች የጥንት ልብስ ተከራይተው ፎቶ ይነሳሉ። እናቴ የጎንደር ልጅ ናት። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና «ፋሲል ግንብን ይመስላል» አለች። መልኩ አይመስልም፣ እውነቱን ለመናገር። ዘመኑን ሳስበው ግን ደነገጥኩ፤ ፋሲለደስ የነገሠው በ1632 ነው፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ። ለፒ ነገርኳት። ማስታወሻ ደብተር አወጣችና «ጎንደር» የሚለውን በታይኛ ፊደል ጻፈችው፣ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። «ተቃጥሏል?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ጥያቄውን ስተረጉምላት «እኛንም ደርቡሽ አቃጥሎናል» አለች። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አላወራም። ወንዙ ላይ የጭነት ጀልባ እያለፈ ነበር።

እቅዳችን ሰባት ቦታ ይል ነበር። ያየነው አራት ነው። የተኛውን ቡድሃ፣ 42 ሜትር የሚረዝመውን፣ ከመኪና ሳንወርድ ነው ያየነው ማለት ይቻላል። ፒ የእናቴን አረማመድ እያየች ነው ቦታ የምትቀንሰው። ገንዘቡን ግን ለቀነሰችው ልክ ቀንሳ ነው የተቀበለችው፤ እኔ አልጠየቅኳትም።

የዝሆን ግልቢያ ጋ ስናልፍ ጠየቅኳት። «ዝሆን መጋለብ ከፈለግሽ ሌላ አስጎብኚ ፈልጊ» አለችኝ፣ ፊት ለፊት። ወደድኳት። በምትኩ ሮቲ ሳይ ማይ ገዛችልን፤ የአካባቢው ሙስሊሞች የሚሸጡት፣ እንደ ጥጥ የተፈተለ ስኳር በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ። ቂጣው ምን እንደገባበት ስላላወቅን እናቴ ለሐሙስ አቆየችው።

ቅሬታ የለሽም ወይ ካላችሁ፣ አለኝ። የነገሥታት ስም ታበዛለች። አራተኛው ላይ ጠፍቼ ነበር። ዋጋዋም ከደጃፉ ሰውዬ እጥፍ ነው። ግን አንድም ሱቅ በር ላይ አላቆመችንም። ጉርሻ ስሰጣት እዚያው እያየኋት ግማሹን ለሹፌሩ ሰጠች። እሱንም አመሰግነዋለሁ፤ እናቴ በገባች በወጣች ቁጥር በሩን ይዞ መረገጫ ሳጥን ያስቀምጥላት ነበር።

ሌላ አስጎብኚ ብትይዙም አንገቱ ላይ የፈቃድ ካርድ መኖሩን እዩ፤ እዚያ አገር ሥራው ያለ ፈቃድ አይሠራም፣ የሚፈቀደውም ለታዮች ብቻ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ብትሄዱ አየሩ ይሻላል፤ ሚያዝያ ላይ አሮጊት ይዞ መሄድ ግፍ ነው። ወጣት ከሆናችሁና ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ባቡር ያዙ፣ ርካሽ ነው፣ እዚያ ብስክሌት ትከራያላችሁ፤ ፒ አታስፈልጋችሁም።

እኛ በሚቀጥለው ወር ለሕክምና ክትትል እንመለሳለን። እናቴ ለፒ ነጠላ አሠርታ ሻንጣ ውስጥ ከትታለች፤ የራሷን መድኃኒት ገና አላስገባችም።

ስልኳን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ጠይቄያት እሰጣችኋለሁ። ረቡዕ ወይ ዓርብ ከሆነ የምትሄዱት «ጄ» ብቻ በሏት።