የዲሲ ትኬት፦ ቀጥታው ወይስ ትራንዚቱ?

እናት አባቱን ወደ አሜሪካ ሊያመጣ ያሰበ ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ቀጥታው ተወዷል፤ በትራንዚት ልቁረጥላቸው?» እኔ ቀጥታውን ነው የምለው።

ባለፈው ዓመት እማዬን ሳመጣ ቀጥታው 1,340 ዶላር ነበር። አንድ ትኬት ሻጭ በዓረብ አገር በኩል የሚሄድ በ1,110 አገኘልኝ። 230 ዶላር ተረፈኝ ብዬ ደስ እያለኝ ከፈልኩ። ለካ የሸጠልኝ ሁለት የተለያየ ትኬት ነው። ሻንጣው መሀል ላይ ይወርዳል። እሱን ለመቀበል ወደዚያ አገር መግባት ያስፈልጋል፤ እማዬ ደግሞ የዚያ አገር ቪዛ የላትም። ስትለምን ሁለተኛው በረራ አመለጣት። አዲስ ትኬት 640 ዶላር ገዛሁ። በርበሬና ሽሮ የያዘው ሻንጣ የደረሰው ከ6 ቀን በኋላ ነው። 230 ላተርፍ 640 ከፈልኩ፤ እማዬም ወንበር ላይ አደረች።

አሁን ወደ ርቀቱ። ከቦሌ ዳለስ (የዲሲው አውሮፕላን ማረፊያ) በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዱባይ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራላችሁ፣ ከዚያ ከ11,000 በላይ ወደ ምዕራብ። አየር ላይ ብቻ 18 ሰዓት ይሆናል፣ መጠበቁን ሳንቆጥር። በኢስታንቡል ወይም በፍራንክፈርት ርቀቱ ያን ያህል አይጨምርም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ «ቀጥታ» በረራም ሲሄድ ነዳጅ ለመቅዳት አንድ ቦታ ይቆማል። ደብሊን የነበረበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ቦሌ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ጉዞው 16፣ 17 ሰዓት ይፈጃል። ግን ሻንጣችሁ አይወርድም፣ እናታችሁም በር ፍለጋ አትንከራተትም። ሲመለስ ዳለስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። ሳይቆም በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል።

ትራንዚት የምመክረው ለወጣት ብቻ ነው፤ ያውም ልዩነቱ ከ400 ዶላር ካለፈና ትኬቱ አንድ ከሆነ። ሳትከፍሉ በፊት ሻጩን «ሻንጣው ከቦሌ እስከ ዳለስ ታግ ይደረጋል ወይ?» በሉት። ከተንተባተበ ተዉት። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ መፈቀዱንም በጽሑፍ አሳየኝ በሉት፤ ትርፍ ሻንጣ ያተረፋችሁትን ይበላዋል።

እማዬ ዘንድሮም ትመጣለች። ቀጥታውን 1,290 ቆርጬላታለሁ።