የተያዘ የመጨረሻ ደመወዝና የካሊፎርኒያ ሌበር ኮሚሽነር አገልግሎት

የአክስቴ ልጅ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለግብዣ የሚሆን ምግብ አዘጋጅቶ በሚያቀርብ አንድ ድርጅት ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ሳታስጠነቅቅ ሥራውን ለቅቃ ተመሳሳይ ሥራ ወዳለው ሌላ ድርጅት በሄደች ጊዜ አሠሪዋ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ቀናት ደመወዟን፣ በሰዓት 20 ዶላር ሒሳብ 1,440 ዶላር፣ ያዙባት። ምክንያታቸው ስትቀጠር ያስፈረሟት ወረቀት ነበር፤ ከለቀቀች በኋላ ለአንድ ዓመት ለተፎካካሪ ድርጅት እንዳትሠራ የሚከለክል ነው። «እንደ ልጄ አይቼሽ፣ ሙያ አስተምሬሽ፣ ለባላንጣዬ ልትሠሪ?» አሏት። እሷም የበደለች መስሏት ገንዘቡን ልትተወው ተቃርባ ነበር። ጉዳዩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬያት ስለተከታተልኩ፣ በይሉኝታ ደመወዛቸውን ትተው የቀሩ ሌሎች ወገኖችንም ስለማውቅ፣ ደመወዝ የተያዘባቸውን ሠራተኞች ማመልከቻ ስለሚያየው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ስለ ካሊፎርኒያ ሌበር ኮሚሽነር ቢሮ፣ አገልግሎት ያየሁትን እጽፋለሁ።

ማመልከቻው ክፍያ የለውም፤ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። ስለ መኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ አስተርጓሚም ቢሮው በነጻ ያቀርባል። ቅጹን ስንሞላ አንድ ነገር አስደነገጣት። አሠሪው ደመወዝ ላዘገየበት ጊዜ የሚከፍለውን ገንዘብ «ቅጣት» ብዬ ስተረጉምላት የምትቀጣው እሷ መሰለቻት። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ የተባረረ ሠራተኛ ደመወዙ ወዲያውኑ፣ ሳያስጠነቅቅ የለቀቀ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። አሠሪው ሆን ብሎ ካዘገየ የሠራተኛው የቀን ደመወዝ እስከ 30 ቀን ድረስ መቆጠሩን ይቀጥላል። በቀን ስምንት ሰዓት ለምትሠራው ለእሷ በቀን 160፣ ቢበዛ 4,800 ዶላር ማለት ነው፤ ከተያዘባት ደመወዝ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ቢሮው ሁለቱን ወገኖች ለማስማማት የጠራው ውይይት በስልክ ነበር። ስልኩን የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ የቢሮው ባለሙያ፣ አስተርጓሚውና የቀድሞ አሠሪዋ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። የሥራ ሰዓቷን የመዘገበችበትን ደብተር ቅጂ አስቀድመን ልከን ስለነበር ባለሙያው ከ1 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የሚለውን አይቶ ሌሊት ትሠራ እንደነበር ጠየቃት። አስተርጓሚው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን፣ በአሜሪካኖቹ ሰባትና ሦስት እንደሚባል አስረዳ። ባለሙያው ሳይቸኩል ቀኖቹን አንድ በአንድ አብሯት ቆጠረ። አሠሪዋ የተፈረመውን ወረቀት ሲያነሱ ደግሞ ለማን መሥራት ትችላለች የሚለው ክርክር ለሠራችው ሥራ ከሚከፈላት ደመወዝ ጋር እንደማይገናኝ ነገራቸው። ለዚህ አገልግሎት ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ስለዚህች ንግግር ነው፤ በእኛ ማኅበረሰብ ሁለቱ ጉዳዮች በቅያሜ አንድ ላይ ተቋጥረው የሚፈታቸው ሰው ይጠፋል። በዚያው ቀን ደመወዙን ሙሉ በሙሉና ከማዘግየቱ ቅጣት 3,000 ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ።

ወረቀቱም ቢሆን በካሊፎርኒያ ዋጋ የለውም። ማንም ሰው በሕጋዊ ሙያው ወይም ንግዱ እንዳይሠራ የሚከለክል ውል ፈራሽ ነው የሚለው ድንጋጌ እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ኤድዋርድስ የተባለ ሰው አርተር አንደርሰን በተባለው የሒሳብ ድርጅት ላይ ባቀረበው ክስ አጥብቆታል። ኤድዋርድስ የሒሳብ ባለሙያ ነበር፤ ውሉ ድርጅቱን ከለቀቀ በኋላ ያገለግላቸው ለነበሩ ደንበኞች ለ18 ወራት ያንኑ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክለው ነበር። ክልከላው ጠባብ ከሆነ ይፈቀድ የሚለውን የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አካሄድ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። እንዲህ ያለ ውል ያስፈረሙ አሠሪዎችም እስከ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2024 ድረስ ውሉ ፈራሽ መሆኑን ለሠራተኞቻቸው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ በሕግ ታዘው ነበር። ሆኖም ምግብ ቤቱን ሸጦ በአቅራቢያው ሌላ ላለመክፈት የተስማማ ባለቤት በዚህ ከለላ አይጠቀምም፤ የንግድ ምስጢር ይዞ መሄድም አልተፈቀደም።

በመጨረሻ ደመወዝ በኩል ደግሞ ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ናራንሆ በተባለ ሠራተኛ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ለወጥ ቤት ሠራተኞች ብዙ ትርጉም አለው። የምሳ ዕረፍት ለተነፈገ ሠራተኛ የሚገባው ተጨማሪ የአንድ ሰዓት ክፍያ ራሱ ደመወዝ ነው ተብሏል፤ ስለዚህ ሲለቅ ሳይከፈለው ቢቀር የማዘግየት ቅጣቱን ሊያስከትል ይችላል። የአክስቴ ልጅ ዕረፍት ሳታገኝ የዋለችባቸውን ቀናት በደብተሯ ስላልጻፈች ይህን ጥያቄ ማቅረብ አልቻልንም፤ አሁንም ይቆጨኛል።

የአገልግሎቱ ከባዱ ድክመት መዘግየት ነው። የክፍለ ግዛቱ ኦዲተር በ2024 ባወጣው ሪፖርት 47,000 ያህል ማመልከቻዎች ተከማችተው እንደነበርና ውሳኔ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ ገልጿል። ለዕለት ጉርሱ ለሚሠራ ሰው ይህ በጣም ረጅም ነው። ስለዚህ በማስማሚያው ላይ ተገቢ ገንዘብ ከቀረበ መቀበልን እመክራለሁ። ካልተስማሙ ጉዳዩ ምስክርነት በመሐላ ወደሚሰጥበት ችሎት ይሄዳል፤ ተሸንፎ ይግባኝ የሚል አሠሪም የተወሰነበትን ገንዘብ ወይም ዋስትና አስቀድሞ ማስያዝ አለበት። ያልተከፈለ የመጨረሻ ደመወዝ የሚጠየቅበት ጊዜ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ስለሆነ አምና ወይም ካቻምና የለቀቁ ወገኖችም አሁን ማመልከት ይችላሉ።