ሲልደናፊል ወይስ ታዳላፊል? የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት

«ዶክተር፣ ያቺን ነገር አንድ ፍሬ ብቻ።» የፋርማሲ ሰዎች ይህችን አባባል በደንብ ያውቋታል። ሰውየው ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ይጠይቃል፣ ከፍሎ ይወጣል። ማፈሩ አይገርመኝም። የሚያሳስበኝ ሻጭም ገዢም ተፋፍረው ዋናው ጥያቄ ሳይነሳ መቅረቱ ነው።

ጥያቄው «የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚል ነው። ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲልደናፊልንም ሆነ ታዳላፊልን መዋጥ የለበትም። ሲገናኙ የደም ግፊት በአንዴ ያሽቆለቁላል። ራስን ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙን ሌላ ሕክምና ይጠይቅ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ለእሱ አይሆንም።

ሲልደናፊል ብዙዎቻችን ቫያግራ በሚለው ስሙ የምናውቀው ነው። ፋይዘር መጀመሪያ የሞከረው ለልብ ሕመም ነበር። ለስንፈተ ወሲብ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ታዳላፊል፣ ማለትም ሲያሊስ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ተከተለ። አሠራራቸው አንድ ነው። የደም ሥርን ያላላሉ፣ ወደ ብልት የሚገባው ደም ይጨምራል። ፍላጎትን ግን አይፈጥሩም። ስሜት ከሌለ ክኒኑ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ልዩነታቸው ሰዓት ላይ ነው። ሲልደናፊል ከግንኙነት 1 ሰዓት ገደማ በፊት ይዋጣል፣ ለ4 ሰዓት ያህል ይሠራል። ምግብ ያስቸግረዋል። ክትፎ ወይም ቅባት የበዛበት ጥብስ በልተው ወዲያው ከዋጡት ይዘገያል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ሁለተኛ ፍሬ ይደርባል። ይህ አደገኛ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም።

ታዳላፊል ምግብ አይመርጥም። እስከ 36 ሰዓት ሊያገለግል ይችላል። ብልት ያን ሁሉ ጊዜ ይቆማል ማለት ግን አይደለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስሜት ሲመጣ ሰውነት ይታዘዛል ማለት ነው። ዓርብ ማታ የዋጠ ሰው ቅዳሜም ሰዓት አይቆጥርም። በየቀኑ የሚወሰድ አነስተኛ መጠን፣ 2.5 ወይም 5 ሚሊ ግራም፣ አለው። 5 ሚሊ ግራሙ ለፕሮስቴት እብጠትም ይታዘዛል፤ ሽንት ለሚያስቸግራቸው አባቶች ሁለት ጥቅም በአንድ ክኒን ነው።

ይህ ርዝመት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሲልደናፊል ከተዋጠ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከተዋጠ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 48 ሰዓት ናይትሮግሊሰሪን አይሰጥም። እስቲ ያስቡት። ዓርብ ማታ ታዳላፊል ወስደዋል። እሁድ ጠዋት ደረትዎን ወግቶዎት ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። ክኒኑን ረስተውታል ወይም ሚስትዎ ፊት መናገር አፍረዋል። ሐኪሙ ግን መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት ምን እንደዋጡና መቼ እንደዋጡ ማወቅ አለበት። ያኔ ማፈር ነፍስ ያስከፍላል።

ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ የአፍንጫ መታፈንና ቃር ከሁለቱም ይመጣሉ። ሲልደናፊል አንዳንዱን ሰው ነገሮችን ሰማያዊ አስመስሎ ያሳየዋል። ታዳላፊል ደግሞ ወገብና ጡንቻ ያሳምማል።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክርና ዕድሜው ለገፋ ሰው ሲልደናፊልን አስቀድማለሁ። ቢያስቸግር ቶሎ ከሰውነት ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በ50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ወይም ጉበቱና ኩላሊቱ ለደከመ በ25። «ጠንከር ያለውን» ብሎ በ100 መጀመር አያስፈልግም። ሰዓት እያዩ መተኛት ለሰለቻቸው ባለትዳሮች ግን ታዳላፊል ይሻላል። በፍላጎት ጊዜ ለሚወሰደው የተለመደው መነሻ 10 ሚሊ ግራም ነው።

ሐኪምዎ ሌሎች መድኃኒቶችዎንም ይወቅ። ሪቶናቪር ያለበት የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የክኒኑን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲን ከእነዚህ ጋር ሲደመር ግፊት ያወርዳል። ብዙ መጠጥም እንዲሁ።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ለስሙ ብለው ውዱን መግዛት ግዴታዎ አይደለም። በጥራት የተመረተ ጄኔሪክ፣ ማለትም ያለ ታዋቂው የንግድ ስም በሌላ አምራች የሚሠራው፣ ያው ንጥረ ነገር ነው። ማሸጊያው ላይ የአምራቹን ስም፣ የባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ይዩ። ተቆርጦ በተሰጠዎት ቁራጭ ላይ እነዚህ ከሌሉ ሙሉ ፓኬቱን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በቴሌግራም የሚሸጠውን፣ «ንጹሕ ተፈጥሯዊ» የተባለውን የወንዶች ማር ግን ይተዉት። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ባሉ ማሮች ውስጥ ያልተጻፈ ሲልደናፊልና ታዳላፊል አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2022 አስጠንቅቋል። የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማር በላሁ ብሎ ሊወድቅ ይችላል።

በኢትዮጵያ ሁለቱም በሐኪም ማዘዣ የሚሰጡ ናቸው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ሲልደናፊል 50 ሚሊ ግራምን ያለ ማዘዣ ታገኛላችሁ፤ ፋርማሲስቱ ግን ስለ ልባችሁ ሳይጠይቅ አይሸጥም። እውነቱን ይንገሩት።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይቀጥናሉ። ስለዚህ ስኳር፣ ደም ግፊትና ሲጋራ ጉዳታቸውን አንዳንዴ መጀመሪያ የሚያሳዩት እዚያ ነው። ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ።

ክኒኑን ከወሰዱ በኋላ ብልት ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረ፣ ወይም ዓይን ወይም ጆሮ በድንገት ከደከመ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ የክኒኑን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ።