ውሌን ያነበበችልኝ ጠበቃ

ጡረታ የወጣሁ መርማሪ ፖሊስ ነኝ፤ ኑሮዬ መሐል ሜዳ ነው። አንድ የወንጀል ልቦለድ አሳትሜያለሁ። መንዝ ውስጥ ደብዛው ስለጠፋ የበግ ነጋዴ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የፊልም ሰው ደወለና ልግዛው አለኝ። አራት ገጽ ውልም ላከ። ገንዘቡ ዓይን ይሞላል። ሳልፈርም ላሳየው ብዬ ደብረ ብርሃን ያለች አንዲት ወጣት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ።

ቢሮዋ ጠባብ ነው። ያለው ሁለት ወንበር ብቻ ስለሆነ ሦስተኛው ባለጉዳይ ኮሪደር ላይ በዚያ ብርድ ቆሞ ይጠብቃል። ይሄ ቢስተካከል ጥሩ ነው።

ሥራዋን ግን አመሰግናለሁ። አራቱንም ገጽ ድምፅ አውጥታ አነበበችልኝ። ሦስተኛው ላይ ቆም አለችና «ለዘለቄታው» የምትለዋን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ አሰመረችባት። «ጋሼ፣ ይቺን አይተዋታል?» አላየኋትም። ዕድሜ ልኬን የሰው ቃል ስቀበል የኖርኩ ሰው፣ ዓይኔ ገንዘቡ ላይ ነበር። በዚያ ውል ፊልሙ ብቻ ሳይሆን መርማሪው ገጸ ባሕሪዬም ይሄዳል። ሁለተኛ መጽሐፍ ልጽፍበት የጀመርኩት እሱኑ ነው!

የሆሊውድንም አካሄድ አስረዳችኝ። እዚያ ስቱዲዮው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍለው እንደኛ ቀብድ ያለ ነገር ነው። ለ12 ወይም ለ18 ወር መጽሐፉ ለሌላ አይሸጥም። ዋናው ዋጋ የሚከፈለው ፊልሙ ሊሠራ ሲል ነው። ጊዜው ካለፈ ቀብዱ ለደራሲው ይቀራል፤ መብቱም ይመለስለታል። ጆን ግሪሻም፣ እሱም ጠበቃ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የሁለተኛ ልቦለዱን የፊልም መብት ለፓራማውንት በ600,000 ዶላር ሲሸጥ መጽሐፉ ገና አሳታሚ አላገኘም ነበር። አሜሪካዊቷ የወንጀል ልቦለድ ደራሲ ሱ ግራፍተን ደግሞ ለሆሊውድ ስክሪፕት ስትጽፍ ስለኖረች አሠራሩን ታውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 እስክትሞት ድረስ መርማሪ ገጸ ባሕሪዋን ለፊልም አልሸጥም ብላ ጸናች። የእሷ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ።

በእኛም አገር፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። «ለልጆችዎ የሚተርፍ ነው» አለችኝ።

የከፈልኩት 1,500 ብር ነው፤ ደረሰኝ ቆርጣልኛለች። ጠዋት ጠዋት ችሎት ስለምትውል ከሰዓት ሂዱ።

አዲስ ረቂቅ አዘጋጅታ ላክንለት። ለአንድ ፊልም ብቻ፣ ለ18 ወር፣ መርማሪው የኔ። ሰውዬው እስካሁን መልስ አልሰጠም። እኔ ሁለተኛውን መጽሐፍ ሰባተኛ ምዕራፍ ላይ አድርሼዋለሁ።