ሰባት ምሽት፣ አንድ ትዝታ

በጃዝ ሳምንቱ አራተኛ ምሽት ዝናብ መጣ። የጃዝ ቤቷ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። የሚያዝያ ዝናብ ደግሞ ሳይታሰብ ነው ዱብ የሚለው። ሳክስፎኑ ሲነፋ አያለሁ፣ ድምፁ ግን አይሰማኝም። ድራም መቺው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ዱላውን አስቀምጦ ብሩሽ አነሳና ከቆርቆሮው ጋር መጫወት ጀመረ። ቤዝ ጊታሩ ተከተለው። ዝናቡ ሲበረታ በረቱ፣ ጋብ ሲል እነሱም ቀስ አሉ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ሄደ። እኔ ከድራሙ ሁለት ሜትር ብቻ ስለምርቅ ብሩሹ ቆዳውን ሲያብስ ሳይቀር ሰማሁ። በሩ ጋ የተቀመጡት ግን ምንም አልሰማንም አሉኝ።

ሰፈሩ በሙሉ «ጃዝ ቤቷ» ነው የሚላት። ከብሔራዊ ቴአትር በእግር ሰባት ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ድሮ ልብስ ስፌት ቤት ነበረች። ወንበሮቹን ስቆጥር ሃምሳ አራት ናቸው። መድረክ የላትም። መሬቱ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው እዚያ ይጫወታሉ።

የጃዝ ሳምንቱ ከሚያዝያ 16 እስከ 22 ነበር። ሚያዝያ 22 በፈረንጆቹ አፕሪል 30 ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፍ የጃዝ ቀን ብሎ የሰየመው ዕለት። የአንድ ምሽት መግቢያ 600 ብር፣ የሳምንቱ 3,000 ብር ነበር። እኔ የሳምንቱን ገዛሁ። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ባልደረባዬን ለምኜ የማታ ተራዬን በሙሉ ቀየርኩ። ሰባቱንም ምሽት መሄዴ የገረማቸው ሰዎች አሉ። እኔ ግን ከሁለተኛው ምሽት በኋላ መቅረት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራምና ትራምፔት ሳምንቱን ሙሉ አይቀየሩም፤ እንግዳ ተጫዋች ነው በየምሽቱ የሚለዋወጠው። እነዚህ አራቱ ከእረፍት በፊት ሁልጊዜ ትዝታ ይጫወታሉ። ሰባት ምሽት፣ ሰባት ጊዜ ትዝታ። አንድም ቀን ግን ያው አልነበረም።

በመጀመሪያው ምሽት ትዝታ ሜጀር፣ ፈካ ያለው ዓይነት፣ ነበር። ንጹሕ፣ ትንሽም የተጠነቀቀ። በሦስተኛው ወደ ማይነር፣ ወደሚያዝነው ዓይነት፣ ገቡና ቤቱ ጸጥ አለ። በአምስተኛው ክራር የምትጫወት ልጅ መጣች። ትዝታ እንደ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ቅኝት ነው። ፒያኖው ደግሞ አሥራ ሁለት አለው። ልጅቷ ከአምስቷ ንቅንቅ አላለችም። ፒያኒስቱ ከሥር ኮርዱን፣ አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች፣ እየለዋወጠ ዜማዋን ሳይነካ ዙሪያዋን ያቀልምላታል። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ሲመጡ የደከሙበት ነገር ይኸው ነው። አምስቱን ሳያጠፉ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ማስማማት። ይህን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ምሽት ነው፤ የፒያኒስቱ ጣቶች ከእኔ አንድ ክንድ ተኩል ቢርቁ ነው።

ሁለተኛው ምሽት የነሐስ ምሽት ነበር። ሦስት ሳክስፎን፣ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ትሮምቦን። ለዚያች ክፍል በዛ፤ ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ጠዋት ጮኸ። የተጫወቱት ግን የሰፈሩን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ የሙዚቃ ባንድ የነበሩት አርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ የእነሱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም በዚያው በብሔራዊ ቴአትር ኦርኬስትራ የሠሩት ነርሲስ ናልባንዲያን። ሳክስፎኒስቱ ይህን በሦስት አረፍተ ነገር ተናግሮ ወደ ጨዋታው ገባ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

ቅሬታም አለኝ። ትኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ይላል፤ ከሁለት ሰዓት በፊት የጀመሩት በመጨረሻው ምሽት ብቻ ነው። በአምስተኛው ምሽት የክራሩ ማይክ ሲያፏጭ ቆየ፤ ሳውንድማኑ ውጭ ስልክ ያወራ ነበር። ሽንት ቤቱ አንድ ነው። ጥብሱ ጣፋጭ ነው፣ ግን ካዘዝኩ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቄያለሁ፤ ሲመጣም በሶሎ መሃል ሳህን እያንኳኳ። አምስት ሰዓት ላይ ሲያልቅ ደግሞ ታክሲው እጥፍ ይጠይቃል። ሳሪስ ድረስ የከፈልኩት ከመግቢያው ይበልጣል። ቤቶቹ ቢያንስ በሰዓቱ ቢጀምሩ ሰው በሚኒባስ ይመለስ ነበር።

በስድስተኛው ምሽት አጎቴን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ድሮ በፖሊስ ኦርኬስትራ ትራምፔት ይነፉ ነበር። አሁን 76 ዓመታቸው ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን ገብተው በዘጉበት ቤት እስከ ንጋት ድረስ ሲጫወቱ ማደራቸውን ሁሌ ይነግሩኛል፤ ሰው መውጣት ስለማይችል እነሱም ማቆም አይችሉም ነበር። ከፊት አስቀመጥኳቸው። ትዝታው ሲጀመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«አንቺ፣ ይሄ ልጅ ጥሩ ነው።»

«አይደል ጋሼ?»

«ጥሩ ነው። ግን ይቸኩላል። ትዝታ ላይ አይቸኮልም።»

በእረፍቱ ልጁ፣ ትራምፔት ነፊው ራሱ፣ መጣና ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው። ምን ይሉት ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ጋሼ እጁን ይዘው ያንኑ ነገሩት። ከዚያ በአፋቸው ብቻ፣ ያለ መሣሪያ፣ ሐረጉን አንጎራጎሩለትና መሃል ላይ ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ የመጨረሻዋን ድምፅ አወጡ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ አይሆንም። እዚያ ተጫዋቹ በጓሮ በር ገብቶ በጓሮ በር ይወጣል።

ሰባተኛው ምሽት። ሰው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ትዝታው ደረሰ። ፒያኖው ከፈተ፣ ቤዙ ገባ። ትራምፔቱ ሐረጉን ጀመረና እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ከከንፈሩ አወረደው። ድራሙ ብቻ ቀረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዙር። አጠገቤ ያለችው ሴት ብርጭቆዋን ይዛ ቀርታለች። ከዚያ ያቺን አንዷን ድምፅ ነፋት።

ስወጣ በሩ ላይ አገኘኝ፤ ትራምፔቱን በሳጥኑ አንግቷል።

«እህቴ፣ ጋሼ ዛሬ አልመጡም?»

«እግራቸውን አሟቸው ነው።»

«እግዚአብሔር ይማራቸው። በይ ንገሪልኝ። አልቸኮለም በያቸው።»